ሞተር ሲበላሽ፦ ማሳደስ ወይስ መቀየር?

"ሞተሩ አልቋል።" ይህን ከሜካኒክ አፍ የሰማ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ማሳደስ ስንት ነው? መቀየርስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። ከዋጋ በፊት ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። ሞተሩን ምን ገደለው? የተጎዳውስ የትኛው ክፍሉ ነው? እነዚህን ሳይመልሱ ሶማሌ ተራ (የመኪና መለዋወጫ ገበያው) ወርዶ ሞተር መግዛትም፣ ጋራዥ ገብቶ "ፈታችሁ አድሱልኝ" ማለትም በግምት መወሰን ነው።

ግምት ደግሞ አሁን ከድሮው ይበልጥ ያስከፍላል። ከጥር 2016 ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ያገለገለ ሞተርም፣ ፒስተንና ፋሻም (የፒስተኑ ቀለበት) የሚመጡት በዶላር ነው። ስለዚህ ያለችንን መኪና ረጅም ዘመን ይዘን መቆየት ግድ ሆኖብናል። የሃያ ዓመት ኮሮላ እዚህ አገር ንብረት ናት። በሌላ አገር "ትጣል" የምትባል መኪና እዚህ ሞተሯ ቢስተካከል ቤተሰብ ታስተዳድራለች።

የማሳደስና የመቀየር ልዩነት ለእኔ እንዲህ ነው። ሞተር ሲያሳድሱ የሚያምኑት የባለሙያውን እጅና የዕቃውን ጥራት ነው። ያገለገለ ሞተር ሲገዙ ግን የሚያምኑት አይተውት የማያውቁትን ሰው አነዳድና አያያዝ ነው። የመጀመሪያውን መቆጣጠር ይቻላል፤ ሁለተኛውን መመርመር እንጂ መቆጣጠር አይቻልም። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ እጅዎ ላይ ካለ ሚዛኑ ወደ ማሳደስ ያጋድላል። ከሌለ፣ ወይም ሞተሩ በባሕርዩ ለዕድሳት የማይመች ከሆነ፣ በደንብ የተመረመረ ሞተር መግዛት ይሻላል።

መጀመሪያ፦ ምን ገደለው?

አብዛኛውን ጊዜ ሞተር የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ሙቀትና የዘይት እጥረት።

በሙቀት ጉዳይ አዲስ አበባ የራሷ ጠባይ አላት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የብዙዎቹ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ዕቃ) መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ ገደማ ነው። በመካከሉ ያለው አሥር ዲግሪ ብቻ ነው! ይህን ጠባብ ልዩነት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ያያሉ። የሚይዘው የግፊት መጠን ነው። ጤነኛ ክዳን ግፊቱን አምቆ ይይዝና ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ እንዳይፈላ ያደርጋል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ምንም አይዝም። መኪናው ወደ እንጦጦ ሲወጣ ያፈላል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ይቃጠላል፣ ውሃና ዘይት ይቀላቀላል። መነሻው በጣም ርካሽ የሆነች ዕቃ ናት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝነኝ ልማድ አለ። መኪና ሲያፈላ "ቴርሞስታቱ ይውጣ" ይባልና ወጥቶ ይጣላል። ለጊዜው የሚረዳ ይመስላል። ነገር ግን ሞተሩ ከዚያ በኋላ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። ዋናው በሽታ፣ ማለትም የተዘጋው ራዲያተር ወይም የደከመው የውሃ ፓምፕ፣ እዚያው ተቀምጧል። በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ፈንታ ዓመት ሙሉ የቧንቧ ውሃ መጠቀምም እንዲሁ ነው። ዝገቱ የራዲያተሩን ቀጫጭን መተላለፊያዎች ይደፍናል።

የዘይቱ ታሪክ አጭር ነው። ዘይት ይንጠባጠባል ወይም ይቃጠላል፣ ማንም አይለካውም፣ የዘይት መብራት ይበራል፣ ሾፌሩ "እዚህ ጋ ልድረስና" ይላል። ከዚያ ከሥር የሚንኳኳ ድምፅ ይመጣል። ብሮንዙ (ክራንክሻፍቱ የሚዞርበት ስስ ማቀፊያ) ተበልቷል፣ ክራንክሻፍቱም ተጭሯል ማለት ነው። ትንሽ ከተነዳ ሞተሩ ይነክሳል፤ ተያይዞ መዞር ያቆማል።

መንስኤውን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? የተዘጋ ራዲያተር ባለበት መኪና ላይ የገባ ሞተር፣ ታደሰም ተቀየረም፣ እንደ ቀድሞው ያፈላል። ጋራዡ የሚሰጥዎት ዋጋ የራዲያተር ማጽዳትን ወይም መቀየርን፣ ቴርሞስታትን፣ ክዳንንና የውሃ ፓምፕን ካላካተተ ዋጋው ገና አላለቀም።

ሁለተኛ፦ የተጎዳው ምኑ ነው?

"አልቋል" የሚለውን ቃል ያለ ልኬት አይቀበሉ። ሞተር ሳይወርድ የሚደረጉ ምርመራዎች አሉ።

ዋነኛው የኮምፕሬሽን ልኬት ነው። በየሲሊንደሩ ያለው ግፊት ይለካል። እዚህም ላይ ከፍታው ሰውን ያሳስታል። ለምሳሌ ብዙ ኮሮላና ያሪስ ላይ ያለው 1ኤንዜድ የተባለው ባለ 1.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር በአምራቹ መመሪያ ጤነኛ ልኬቱ በካሬ ሴንቲ ሜትር 15 ኪሎ ገደማ፣ ዝቅተኛው 11 ኪሎ ነው። ቁጥሩ የተጻፈው ግን ለዝቅተኛ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ምንም ያልሆነ ሞተር እዚህ 11 ወይም 12 ኪሎ ሊያሳይ ይችላል። መመሪያውን ብቻ ያነበበ ሰው ይህን ዓይቶ "አልቋል" ሊል ይችላል። እውነተኛው መመዘኛ ሲሊንደሮቹ እርስ በርሳቸው ያላቸው ልዩነት ነው። በዚህ ዓይነት ሞተር ልዩነቱ ከአንድ ኪሎ መብለጥ የለበትም። ሦስቱ 11 ሆነው አንዱ 6 ከሆነ ችግር አለ። አራቱም 11 ከሆኑ ሞተሩን አትፍቱት።

አንዱ ሲሊንደር ዝቅ ካለ በቤንዚን ሞተር ላይ ቀላል ሙከራ አለ። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ይጨመርና እንደገና ይለካል። ግፊቱ ከፍ ካለ የተበላው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው። ካልተለወጠ ችግሩ ከላይ ነው፤ ቫልቮላ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን። በናፍጣ ሞተር ላይ ይህን ሙከራ አያድርጉ፤ አደጋ አለው።

ጭሱም ይናገራል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ ብዙውን ጊዜ ውሃ እየገባ ነው። ጥቁር ጭስ የነዳጅ ጉዳይ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ሞተር ማውረድ አያስፈልገውም። የዘይት መለኪያው ላይ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካዩ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል። መኪናውን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አያስነሡት፤ ውሃ የገባበት ዘይት ብሮንዙን በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ይጨርሰዋል።

ከሥር ያለውን ለማወቅ ደግሞ ዘይቱ ይፍሰስ፣ ፊልትሮው ተቆርጦ ይከፈት፣ የታችኛው የዘይት መያዣ ይውረድ። የብረት ብናኝ ካለ በዓይን ይታያል። የአንድ ፒስተን ክንድ መያዣ ተከፍቶ ብሮንዙን ማየት ብዙ ሰዓት አይፈጅም። ይህን ማየት የማይፈልግ ጋራዥ ካጋጠመዎት ወደ ሌላ ይሂዱ።

ሁለቱም ላያስፈልግ ይችላል

አፍልቶ ቶሎ የቆመ መኪና ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው የላይኛውን ሥራ ብቻ ነው። ቴስታታው ይወርዳል፣ መሰንጠቁ በግፊት ይፈተሻል፣ መጣመሙ ይለካል፣ ከሚፈቀደው በላይ ከተጣመመ ይላጋል፣ ቫልቮላዎቹ ይስተካከላሉ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ይገባል። በብዙ ትንንሽ የቶዮታ የቤንዚን ሞተሮች ከሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹን ከያዘው የሞተሩ ዋና አካል) ጋር በሚገጥመው ፊት የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህ በዓይን አይታይም። "ደህና ነው፣ መልሰህ ግጠመው" የሚል ሰው ልኬቱን ያሳይዎት።

የቴስታታው ብሎኖችም ጉዳይ አላቸው። 1ኤንዜድን በመሳሰሉ ሞተሮች ላይ ብሎኖቹ የሚጠብቁት በመለኪያ ቁልፍ መነሻ ጥብቀት ተሰጥቷቸው፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ ከዚያ እንደገና 90 ዲግሪ በማዞር ነው። ብሎኑ በዚህ ሥራ ይለጠጣል። የተለጠጠ ብሎን መልሶ መጠቀም ጓርኒሲዮኑ በወራት ውስጥ እንዲያልፍ ያደርጋል። በብሎን የተቆጠበ ብር ሁለተኛ የጉልበት ዋጋ ያስከፍላል።

መኪናው እየፈላ ረጅም መንገድ ከተነዳ ግን የላይኛው ሥራ ብቻ አይበቃም። በኃይለኛ ሙቀት ፋሻው ጉልበቱን ያጣል፣ የአልሙኒየም ቴስታታም ይለሰልሳል። እንዲህ ያለውን ሞተር ላዩን ብቻ አስተካክሎ መስጠት ለሁለት ወር መፍትሔ ነው።

ማሳደስ የሚያዋጣው ለየትኛው ሞተር ነው?

ሞተር ሁሉ ለዕድሳት እኩል አልተሠራም። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ውሳኔውንም ከሁሉ በላይ የሚለውጠው ይህ ነው።

የድሮዎቹን የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች እንውሰድ። በዶልፊንና በሃይሉክስ የምናውቃቸው 3ኤልና 5ኤል፣ በላንድክሩዘር ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር 1ኤችዜድ። ሞኖብሎካቸው ወፍራም ብረት ነው። ሲሊንደሩ ሲበላ ሰፍቶ ተለቅ ያለ ፒስተን ሊገባለት ይችላል። ክራንክሻፍቱ ሲጫር ተፈጭቶ ወፈር ያለ ብሮንዝ ይገባለታል። ኤሌክትሮኒክሱ ትንሽ ነው። ዕቃው በየቦታው ይገኛል፣ እጁን ያፍታታበት ሜካኒክም ብዙ ነው። ሞኖብሎኩ እስካልተሰነጠቀ ድረስ እንዲህ ያለ ሞተር ቢታደስ ይመረጣል ባይ ነኝ። በሥርዓት የታደሰ 5ኤል ከየት እንደመጣ ከማይታወቅ 5ኤል ይሻላል።

በሌላ በኩል 1ኤንዜድ፣ 2ኤንዜድና 1ዜድዜድ የተባሉት የቶዮታ የቤንዚን ሞተሮች አሉ። ሞኖብሎካቸው አልሙኒየም ነው፣ ውስጡ ያለው የብረት ካሚቻ (የሲሊንደሩ ሽፋን) ስስ ነው። ቶዮታ እነዚህን ሲሠራ ሲሊንደሩ እንዲሰፋ አላሰበም። ሲሊንደሩ ከልኩ ከወጣ የአምራቹ መልስ ሞኖብሎኩን መቀየር ነው። እዚህ አንዳንድ ቶርኖ ቤቶች ካሚቻውን አውጥተው ሌላ ያስገባሉ። በጥንቃቄ የሚሠራ ካለ ይሳካል፤ ግን ለየት ያለ ችሎታና ትክክለኛ ማሽን ይጠይቃል። ለእነዚህ ሞተሮች ምክሬ ግልጽ ነው። ሲሊንደሩ በልኩ ውስጥ ካለ ፋሻና ብሮንዝ ቀይሮ ማደስ ያዋጣል። ሲሊንደሩ ከተጫረ ወይም ከተበላ ወደ መቀየር ይሂዱ።

1ዜድዜድ ላይ አንድ የታወቀ ነገር ልጨምር። ከ2005 (እንደ ፈረንጆች) በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ ዘይት ይበላሉ። ምክንያቱ ፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ትንንሽ በመሆናቸው በካርቦን ስለሚደፈኑ ነው። ፋሻ ብቻ ቀይሮ የድሮውን ፒስተን መልሶ ማስገባት በሽታውን መልሶ ያመጣዋል። ፒስተኑም በተሻሻለው መቀየር አለበት።

አዲሶቹ ኮመን ሬይል (ነዳጅ በከፍተኛ ግፊት በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭባቸው) ናፍጣዎች፣ ለምሳሌ የቶዮታዎቹ 1ኬዲና 2ኬዲ፣ ሌላ ሒሳብ ናቸው። እነሱ ላይ ከብረቱ ይልቅ ኢንጀክተሩና ፓምፑ ይወደዳሉ። የተበላሸ ኢንጀክተር ነዳጅ አለልክ እየረጨ ፒስተን ይሰነጥቃል። እንዲህ የሞተውን ሞተር አድሰው የድሮውን ኢንጀክተር ሳያስፈትሹ ቢመልሱት አዲሱ ፒስተንም ይሰነጠቃል።

የዕድሳቱ ጥራት የሚወሰነው ከጋራዡ ይልቅ ሲሊንደር በሚያሰፋው፣ ክራንክሻፍት በሚፈጨውና ቴስታታ በሚልገው ቤት ነው። ሜካኒኩ ጎበዝ ሆኖ የማሽን ሥራው ከተበላሸ ሞተሩ አይቆይም። ስለዚህ "የማሽን ሥራውን የት ነው የምታሠራው?" ብለው ይጠይቁ፤ ሄደውም ይዩት። ፒስተኑ መጀመሪያ ተገዝቶ በእሱ ልክ ነው ሲሊንደሩ መሰፋት ያለበት። ሲሊንደሩ ቀድሞ ሰፍቶ ፒስተን የሚፈለግ ከሆነ ሥራው ከወዲሁ ተበላሽቷል።

ዕቃ ሲገዙ "ጃፓን"፣ "ታይዋን"፣ "ቻይና" እየተባለ ደረጃ ይወጣል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት አይደለም። እኔ ብር ማጠር ካለበት በሌላው ይጠር እላለሁ፤ በፋሻ፣ በብሮንዝ፣ በቴስታታ ጓርኒሲዮንና በዘይት ፓምፕ ላይ ግን አይጠር። እነዚህን ከአስመጪው ወይም ከታመነ ሱቅ፣ በደረሰኝ ይግዙ። አሮጌው ዕቃ ሁሉ በካርቶን ተደርጎ እንዲመለስልዎት ከመጀመሪያው ይስማሙ።

መቀየር፦ ሶማሌ ተራ ላይ ምን ይታያል?

የመቀየር ትልቁ ጥቅም ጊዜ ነው። ሁሉ ነገር ከተሟላ በጥቂት ቀን መኪናው ይነሣል። ዕድሳት ግን ዕቃ ፍለጋው፣ የማሽን ቤት ወረፋው ተደማምሮ ሳምንታት ይወስዳል።

ትልቁ አደጋ ደግሞ የሚገዙትን አለማወቅ ነው። "60 ሺህ ብቻ የሄደ፣ ቀጥታ ከጃፓን" ይባላል። ሞተር ላይ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ የለም። ያንን ንግግር በልኬት እንጂ በቃል አይመኑት። አለዚያ ነገሩ ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆናል፤ የእርስዎ ሞተር ከገዙት ይሻል ኖሮ ከወጣ በኋላ ይቆጭዎታል።

የራስዎን ሜካኒክ ይዘው ይሂዱ፤ ከሻጩ ጋር የማይጠቃቀም። የዘይት ክዳኑ ይከፈት፣ ውስጡ በባትሪ ይታይ። ቀላ ያለና ንጹሕ ከሆነ ጥሩ አያያዝ ነበረው። ጥቁር ዝቃጭ ከተጋገረ ዘይቱ በጊዜ አልተቀየረም። በእጅ ቁልፍ ሲዞር ያለ መያያዝ መዞር አለበት። የውሃ መተላለፊያው ውስጥ ወፍራም ዝገት ካለ ይለፉት። በመገጣጠሚያዎቹ ላይ የተትረፈረፈ ሲሊኮን ካዩ ሞተሩ ከዚህ በፊት ተፈትቷል። መፈታቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ "ተነክቶ አያውቅም" ካሉዎት ግን ሻጩ ሌላም ነገር እየደበቀ ሊሆን ይችላል። የዘይት መያዣው ወርዶ ብሮንዝ እንዲታይ ይጠይቁ። መሬት ላይ እንዳለ ባትሪና ሞተሪኖ ተገናኝቶ ኮምፕሬሽን መለካትም ይቻላል። ጥሩ ዕቃ ያለው ነጋዴ ይህን አይጠላም።

ከዚያ መግጠሙ አለ። በስም አንድ የሆኑ ሞተሮች በገመድ፣ በሴንሰርና በኮምፒውተር ሊለያዩ ይችላሉ። ለአውቶማቲክ ማርሽ የተሠራውና ለማኑዋል የተሠራው የኋላ ጫፍ አንድ አይደለም። የመኪናዎ ሞተር ቫልቮላው የሚከፈትበትን ጊዜ የሚለዋውጥ አሠራር (ቪቪቲ) ያለው ከሆነ የሚገዙትም እንዲሁ ይሁን። ኮመን ሬይል ናፍጣ ከሆነ ብዙዎቹ ኢንጀክተሮች የየራሳቸው ኮድ አላቸው፤ ኮዱ ኮምፒውተሩ ላይ ካልተመዘገበ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። "የሌላ ሞዴል ሞተር እናስገባለት፣ ይሻለዋል" የሚለውን ሐሳብ ከልብ አልደግፍም። መጀመሪያ ላይ ርካሽ ይመስላል። በኋላ ግን ማንም ሜካኒክ የማያውቀው መኪና ይዘው ይቀራሉ፤ በወረቀትም በኩል ይቸገራሉ።

ሞተሩ ከመግባቱ በፊት፣ ገና ውጭ ሳለ፣ ርካሹን ዕቃ ሁሉ ይቀይሩ። የፊትና የኋላ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ላስቲክ)፣ የውሃ ፓምፕ፣ ቴርሞስታት፣ ቺንጋዎች፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ። ከገባ በኋላ የኋላውን ፓራኦሊዮ ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ አለበት።

ሻርጃ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ሞተር ገዝቶ ሊልክልዎት ካሰበም ያው ምርመራ እዚያው ይደረግ። የተበላሸ ሞተር መልሶ መላክ የማይታሰብ ነው።

ሙሉ በሙሉ አዲስ ሞተር ወይም አዲስ ሞኖብሎክ ከወኪሉ ማዘዝ የሚባል ሦስተኛ መንገድም አለ። ለአብዛኛው የግል መኪና ዋጋው አይቀመስም። ለድርጅት መኪና፣ በተለይ ገጠር ለሚሠራና መቆም ለማይችል፣ ሊያዋጣ ይችላል።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። "ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ግማሽ ካለፈ ተወው" የሚል ምክር ይሰማል። ምክሩ መኪና እንደልብ ለሚገኝበት አገር ይስማማ ይሆናል። ለእኛ የተሻለው መመዘኛ ይህ ነው፦ መኪናው ሞተሩ ሞቶ እንዳለ ቢሸጥ ስንት ያወጣል? ጤነኛ ሞተር ኖሮት ቢሸጥስ? የሁለቱ ልዩነት ከጥገናው በሰፊው ከበለጠ መጠገኑ ያዋጣል። ልዩነቱ ከጥገናው ጋር የሚቀራረብ ከሆነ፣ ቦዲውም ካምቢዮውም የደከመ ከሆነ፣ እንዳለ መሸጥን በቁም ነገር ያስቡበት።

መኪናው የእንጀራ መኪና ከሆነ የቆመበት ቀን ዋጋ ይጨመር። ለስሌት ብቻ እንዲህ እንበል። ዕድሳቱ 200 ሺህ ብርና 25 ቀን ይፈልጋል። መቀየሩ 280 ሺህ ብርና 6 ቀን። ሚኒባሱ በቀን የተጣራ 3,000 ብር የሚያስገባ ከሆነ ዕድሳቱ በጠቅላላው 275 ሺህ፣ መቀየሩ 298 ሺህ ይሆናል። ዕድሳቱ ረከሰ። የቀን ገቢው 5,000 ከሆነ ግን ዕድሳቱ 325 ሺህ፣ መቀየሩ 310 ሺህ ነው። ያው መኪና፣ ያው ጋራዥ፣ ውሳኔው ግን ተገለበጠ። የራስዎን ቁጥር አስገብተው ይሥሩት።

በዕድሳቱ ላይ ከአሥር እስከ ሃያ በመቶ መጠባበቂያ ይያዙ። ሞተር ሲከፈት ያልታሰበ ነገር አይጠፋም። ሞተሩን አስፈትተው ብር ቢያልቅብዎት መኪናው ጋራዥ ውስጥ ወራት ይቆማል፣ ዕቃውም ይበተናል። ገንዘቡ እጅዎ ላይ ሳይሟላ ሞተር አያስፈቱ።

ወረቀቱ

ሞተር ሲቀየር የሞተር ቁጥሩም ይቀየራል። ያ ቁጥር ሊብሬው ላይ ተመዝግቧል። በዓመታዊ ምርመራም፣ በሽያጭም፣ አደጋ ደርሶ ኢንሹራንስ ሲጠየቅም ይታያል። ስለዚህ የሚገዙት ሞተር በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያሳይ የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና ደረሰኝ ከነቁጥሩ ይቀበሉ። ብር ከመክፈልዎ በፊት መኪናው የተመዘገበበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደው የሚጠይቁትን ማስረጃ በዝርዝር ይወቁ። "ወረቀቱን በኋላ አመጣልሃለሁ" የሚል ሻጭ ላይ ጊዜ አያጥፉ። ወረቀት የሌለው ሞተር የተሰረቀ መኪና ሞተር ሊሆን ይችላል። ዕዳው የሚተርፈው ለእርስዎ ነው።

ዕድሳት እዚህ ላይ ይቀላል። ሞኖብሎኩ እስካልተቀየረ ድረስ ቁጥሩ ያው ስለሆነ ቢሮ የሚያስኬድ ነገር የለም። የመሸጥ ሐሳብ ያለው ሰው ይህን በሚዛኑ ላይ ያስቀምጠው።

ውሉና የመጀመሪያው ሺህ ኪሎ ሜትር

የታደሰ ሞተር ሲበላሽ ሜካኒኩ በዕቃው፣ ዕቃ ሻጩ በማሽን ቤቱ፣ ማሽን ቤቱ በሜካኒኩ ያሳብባሉ። ባለመኪናው መሐል ላይ ይቀራል። መፍትሔው ሥራውን በሙሉ አንድ ሰው እንዲረከብ ማድረግ ነው። ጋራዡ የማሽን ሥራውንም ዕቃውንም በራሱ ኃላፊነት ይያዝ፣ ዋስትናውን በኪሎ ሜትርና በወር ይጻፍ። ዕቃውን እርስዎ ከገዙ ዋስትናው ይላላል፤ ይህን አውቀው ይወስኑ። ያገለገለ ሞተር ከሆነ ደግሞ ደረሰኙ ላይ የሞተር ቁጥሩ፣ የመሞከሪያው ቀን ብዛትና ካልሠራ ገንዘብ ይመለስ ወይስ ሌላ ሞተር ይሰጥ የሚለው ይጻፍ።

ሞተሩ ሲነሣ ለብዙ ሰዓት ቆሞ እንዲሠራ አይተዉት። የታደሰ ሞተር ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር የሚላመደው መካከለኛ ጭነት ይዞ ሲነዳ ነው። መጀመሪያ ላይ ከፍ ዝቅ በሚል ፍጥነት ይነዳ፣ ከባድ ጭነትና ረጅም ዳገት ይቅርበት። ዘይቱና ፊልትሮው በመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር፤ ከብረቱ መላመድ የሚወጣው ብናኝ ያኔ አብሮ ይወጣል። ያገለገለ ሞተር ያስገባ ሰውም ይህን ያድርግ፤ የድሮው ዘይት ምን እንደነበር አይታወቅም። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ የውሃና የዘይት መጠኑን ይለኩና በማስታወሻ ይያዙት። መጠኑ መቀነስ ከጀመረ ዋስትናው ሳያልቅ ያን ማስታወሻ ይዘው ወደ ጋራዡ ይመለሱ።